የመስመሩ ውፍረት

ጋሽ ካርታ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ማሽኑን ነው። ጎንበስ ብለው፣ በማሽኑ ጎን ያለችውንና ስንት ወረቀት እንደወጣ የምትቆጥረውን ትንሽ መስኮት በመነጽራቸው ሥር አሾልከው ያዩአታል። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የማይጠፋውን እርሳስ ያወጡና ቁጥሩን ግራ መዳፋቸው ላይ ይጽፋሉ። «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ድንቡሼስ ደኅና ናት?» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ድንቡሼ የሦስት ዓመት ልጄ ናት።

ወረቀታቸውን ለእኔ አይሰጡም። ራሳቸው መስታወቱ ላይ ይደፉታል፣ ራሳቸው ክዳኑን ይከድኑታል። ለእኔ የሚቀረኝ ሥራ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሲያልቅ ደግሞ ደብዝዞ የወጣውን፣ የተጨማደደውን ሁሉ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ለቅመው፣ አጣጥፈው፣ ኮታቸው ውስጥ ከተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እየሳቅኩ፣ «ጋሼ፣ ቆሻሻውን እንኳን ቢተዉልን ምን አለ?» አልኳቸው።

«ቆሻሻ የሚባል ወረቀት የለም» አሉኝ ሳይስቁ። «ያለው ገና ያልተነበበ ወረቀት ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እተወው ነበር። ያኔ ግን ቃሉን ይዤው ዋልኩ። ምክንያቱም ያን ሰሞን ጋሽ ካርታ የሚያስባዙት ወረቀት የእኛን ቤት የሚመለከት ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር።

ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ኖረናል። ክፍላቸው ከውጭው በር በስተግራ ያለችው፣ ድሮ የዘበኛ ቤት የነበረችው ናት። ከአንድ አልጋና ከአንድ ጠረጴዛ ሌላ አትይዝም፤ የእኛን ክፍል ግማሽ ታክላለች። ሚስት እንደነበራቸው የሚያሳብቀው መስኮቱ ላይ የተሰቀለው የጥልፍ መጋረጃ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቡታል፤ ሲሰቅሉት ጫፍና ጫፉን በማስመሪያ ይለኩታል። በሠራዊቱ ውስጥ ካርታ ይስሉ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚህ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥያቄ ሲጠየቁ ጥያቄ ይመልሳሉ። «ጋሼ፣ የት ቆዩ?» ስትሏቸው «ማን ፈለገኝ?» ይላሉ።

የግቢያችን ባለቤት የነበሩት እናት ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ ነጋዴ፣ ሴቷ የሒሳብ መምህርት። ፍርድ ቤት ግቢውን እኩል ተካፈሉ ብሏቸዋል። ነጋዴው በድርሻው ላይ ያለውን አፍርሶ መጋዘን ሊሠራ ነው፤ መምህርቷ ግን በእሷ በኩል ያለነውን ተከራዮች እንዳለን ልትተወን ነው። በስተቀኝ የነበሩት ጎረቤቶቻችን ነገሩ ስለገባቸው ቀድመው ወጥተዋል፤ ክፍሎቻቸው ባዶ ሆነው በሮቹ በንፋስ ይንጓጓሉ። በስተግራ ያሉት ደግሞ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። የእኛ ክፍል፣ አራት ቁጥር፣ ከግቢው መጨረሻ፣ ልክ መሐል ላይ ናት። ከቀኝም ከግራም አይደለችም። መስመሩ በስተቀኝ ካለፈ እንቀራለን፤ በስተግራ ካለፈ ቤታችን ይፈርሳል።

ይህ ለሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ሌላ ቤት መፈለግ ነው፣ ምን ችግር አለው? ልጅ ይዞ ቤት የፈለገ ግን ያውቀዋል። «ስንት ናችሁ?» ይሏችኋል። «ሦስት» ስትሉ ፊታቸው ይከፋል። «ሦስተኛው ስንት ዓመቱ ነው?» ሲሉ ነገሩ አበቃ። እኛ ደግሞ ያቺን ክፍል ኖራ ቀብተናታል፤ ባለቤቴ በያጅ ስለሆነ የመስኮቱን ፍርግርግ በገዛ እጁ ሠርቶላታል። የድንቡሼ የሕፃናት መዋያ አራት በር አልፎ ነው። ሥራዬም ከመዋያው ማዶ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት ድንቡሼን ይዤ ስወጣ ጋሽ ካርታን በራችን ላይ አገኘኋቸው። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዘው ግድግዳችን ላይ ተለጥፈዋል።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?»

«ግድግዳሽ ውፍረቱ ስንት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ለምን ፈለጉት?»

«የራስሽን ግድግዳ አታውቂውም?» አሉና ቁጥር መዳፋቸው ላይ ጽፈው፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወደ ውጭው በር ሄዱ። ድንቡሼ ከኋላቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ስምንት!» እያለች ትቆጥርላቸዋለች።

በዚያው ሳምንት ነጋዴው ሁለት ጊዜ መጥቶ ወደ ጋሽ ካርታ ክፍል ገባ። ሁለተኛው ላይ በሩ ተዘግቶ ቆየ። ይህን ያየችው ሦስት ቁጥር ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ስፌት ላይ ሆና ዓይኗ መርፌው ላይ፣ ጆሮዋ ግቢው ሁሉ ላይ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ግለጪ» አለችኝ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «ይሄ ሽማግሌ እኛን እየለካ ለዚያ ነጋዴ እያቀበለ ነው።»

«እትዬ፣ እንዲያው ሰው አይታማም። ምን አጥተው?»

«ምን አጥቶ? ክፍሉን አረጋግጦ ነዋ! እሱ በግራ በኩል ነው፣ ምን ይነካዋል? አንቺ ነሽ መሐል ላይ የተንጠለጠልሽው። ለምንድነው ያንቺን ግድግዳ ብቻ ሦስት ጊዜ የለካው? የእኔን አንዴ እንኳን አልነካም፤ ወይ ፈርቶኝ ነው።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ ነገር ሁሉ ቀልድ ይሆንለታል። «ለኬክ ነው የሚለኩት፤ ልደታችን ደርሷል» አለ። ሲተኛ ግን ለወትሮው ወዲያው የሚያንኮራፋው ሰውዬ ጣሪያውን እያየ ቆየ።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ካርታ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደገቡ መብራት ጠፋ፤ ወዲያው ደግሞ ዝናቡ ወረደ። መሄድ አልቻሉም። ጥቅል ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጡ። እኔም ዕድሉን አገኘሁ ብዬ ከሩቅ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ጦር ሜዳ ነበሩ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው።»

«ሰው ተሳስቷል። ጦር ሜዳ አንድም ቀን ረግጬ አላውቅም። የጦር ቀጠና ውስጥ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት።»

«ያው አይደለም እንዴ?»

ይህን በማለቴ ያዘኑብኝ መሰለኝ። ተነሡና የማሽኑን ክዳን ከፍተው መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ጦር ሜዳ ይቺ ናት፤ ብርሃኑ ቦግ የሚልባት። ሰው የሚያያት እሷን ነው። መጽሐፉም ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ እሷ ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሜዳ፣ እገሌ እገሌን መታው ይላል። አሁን ብርሃኑ ለምን የለም?»

«መብራት ስለጠፋ ነዋ።»

«መብራቱ ከየት ይመጣል?»

«ከዋናው ሽቦ።»

«ወረቀቱስ?»

«ከአከፋፋዩ።»

«አሥር ሰዓት ሲል ጥለሽ የምትሮጪውስ?»

«ድንቡሼን ከመዋያ ለማውጣት።»

«አየሽ? መዋያውም የዚህ መስታወት ጉዳይ ነው ማለት ነው። ሽቦውን፣ ወረቀቱን፣ አከፋፋዩ የሚመጣበትን መንገድ፣ መዋያውን፣ አንቺን፣ ሁሉንም ሰብስቢና ዙሪያውን አንድ መስመር አስምሪበት። ቀጠና ማለት ያ ነው። ውስጡ ጥይት የሚተኮስበት ቦታ ትንሽ ነው። የቀረው ዳቦ ቤት ነው፣ ነዳጅ ማከማቻ ነው፣ ሆስፒታል ነው፣ በቅሎ ነው፣ ወደብ ነው። አንድ አዛዥ ይሾምበታል፤ ከመስመሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ዳቦውንም ትእዛዙንም ከእሱ ይቀበላል።»

«መስመር ማስመሩ ለምን አስፈለገ? ጦርነቱ አንድ ከሆነ አዛዡም አንድ ቢሆንስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ጥሩ ጠየቅሽ። አንድ አገር በአንድ በኩል በበረሃ፣ በሌላ በኩል በባሕር ይዋጋል እንበል። በዓለም ጦርነት ጊዜ እንዲህ የተዋጉ ብዙ ናቸው። በበረሃ ያለው ውሃ ይላል፤ በባሕር ያለው መርከብ ይላል። የአንዱ ብልሃት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ለየብቻ ይከፈላሉ። ችግሩ ከተከፈሉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ አዛዥ ዋናው ጦርነት የእኔ ነው ይላል። ሁሉም ከወዲያኛው ቀንሳችሁ ጨምሩልኝ ይላል። ወታደሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ መንገድ ላይ ሳለ ነገሩ ያበቃበት አለ። ንጉሡ ወይ መንግሥቱ የትኛውን እንደሚያስቀድም ካላወቀ ሁለቱንም ያጣል።»

«መስመሩን ማን ያሰምረዋል ታዲያ?»

«ጄኔራሉ በጣቱ ያሳያል። እኔ አሰምራለሁ።» እርሳሳቸውን አወጡና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «መስመር በወንዝ ላይ አይሰመርም። በመንገድ ላይ አይሰመርም። በከተማ ላይ አይሰመርም። ወንዙን ሙሉውን ለአንዱ ትሰጫለሽ፤ መንገዱን ሙሉውን ለአንዱ። ለምን ብትይ፣ መሐል የቀረ ነገር የማንም አይደለም። አንድ ጊዜ ግን እርሳሴ ደንዝዞ…»

ከኪሳቸው ምላጭ አውጥተው የሾለውን እርሳስ እንደገና መቅረጽ ጀመሩ። ፍርፋሪውን መሐረባቸው ላይ አጠራቅመው ኪሳቸው ከተቱ። እኔም በልቤ፣ «ቆይ፣ ይህን ሁሉ ለምን ነገሩኝ? ሊያዘናጉኝ ይሆን?» አልኩ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ ደግነቱም ተንኮል ይመስላል።

መብራት መጣ። ማሽኑ አጉረምርሞ ተነሣ። እሳቸው ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ ጻፉ፣ ወረቀቱን ደፉት። ወረቀቱ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ነበር፤ ክዳኑ እስኪወርድ በጀርባው አየሁት። የውጭው በር፣ የውሃ ታንከሩ፣ ክፍሎቹ በየቁጥራቸው። ከበሩ የተነሣ አንድ ቀይ መስመር ግቢውን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይሄድና አራት ቁጥር ላይ ሲደርስ መሐል ለመሐል ያልፍባታል። የእኔን ክፍል!

«ሦስት ቅጂ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ደብዝዞ ወጣ፤ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። እሱን ለማንሣት ሲያጎነብሱ ቁልፉን ለአራት ነካሁት። ሦስቱን ሰጠኋቸው፤ አራተኛውን በስቴፕለሩ ካርቶን ሥር ሰካሁት። እሳቸው ወረቀታቸውን ጠቀለሉ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቆጣሪዋ ጎንበስ አሉ፣ መዳፋቸው ላይ ጻፉ። ቀና ብለው ትንሽ አዩኝ።

«ደኅና ዋይ ልጄ» ብለው ወጡ።

ባለቤቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ አየው። «ይሄ እኮ አልጋችንን ነው የሚከፍለው። አንቺ የመምህርቷ ተከራይ ልትሆኚ ነው፣ እኔ ወደ መጋዘኑ ልገባ ነው። ድንቡሼን ማን ይወስዳታል?»

«አሁን ቀልድ ነው ይሄ?»

«አይደለም» አለ። ወረቀቱንም ቀስ ብሎ አጠፈው። «ግማሽ ግድግዳ ከፈረሰ ቤቱ ፈረሰ። ሌላ ማለት አያስፈልግም።»

በማግስቱ ወረቀቱን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። ለምን እንደሰጠኋት ራሴን ሳላታልል ልናገር፤ እኔ መጋፈጥ ስላልደፈርኩ ነው። እሷ ደግሞ የሚያስፈልጋትን አገኘች። የዕለቱን ስፌት አቋርጣ መምህርቷ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች። ተመልሳም፣ «ምክንያቱን አልነገርኳትም። እሑድ ጠዋት ሁለቱም ይመጣሉ። ሰላዩን ፊት ለፊት እናጋልጠዋለን፤ ከግቢ ውጣ እናስብለዋለን። አንቺ ደግሞ አፍሽን እንዳትዘጊ!» አለችኝ። እሺ አልኩ። ጋሽ ካርታ ቅዳሜ መጋረጃቸውን ሲያጥቡ በመስኮት እያየሁ «ያጥቡ፣ ምን ቸገራቸው» አልኩ። እንዲህ ብዬ ማሰቤ አሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ ጠዋት ግቢው መሐል፣ ታንከሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ወጥቶ ተሰበሰብን። ነጋዴው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ቆሟል። መምህርቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ካርታ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጥቅላቸውን በብብታቸው ይዘው መጡና ሰላም አሉን። ልብስ ሰፊዋ አላስጨረሰቻቸውም።

«ይሄ ምንድነው?» ብላ ወረቀቱን አውለበለበችው። «የሰው ቤት ለይተህ ስታስፈርስ ነው የተያዝከው! ለነጋዴው ስትሠራ!»

ጋሽ ካርታ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«አራተኛው ቅጂ ነው» አሉ። «ሐሙስ ሦስት ጥሩ፣ አንድ ደብዛዛ ወጣ። ቆጣሪው ግን አምስት ብሏል። የት እንደገባ ሳስብ ሰንብቻለሁ።»

ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይህማ ለእኔም ደርሶኛል» አለች መምህርቷ ግራ ተጋብታ። «ለወንድሜም። እኛ ሁለታችን አይደለን እንዴ የቀጠርናቸው? ሦስተኛው ለፍርድ ቤት የሚሄድ ነው። የመጀመሪያ ረቂቅ ነው፤ አስተያየት ስጡበት ብለው ነው የላኩልን።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችምና፣ «እሺ፣ የአንቺስ አስተያየት ምን ነበር?» አለቻት።

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። «እኩል እስከሆነ ድረስ ይሁን አልኩ።»

«እኔም ያልኩት ያው ነው» አለ ነጋዴው። «ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ያምራል። በእኔ በኩል የወደቀውን ግማሽ አፈርሰዋለሁ፤ የቀረውን እሷ ታስብበት። ፊርማችንን አኑረን እንለያይ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ሥያለሁ ይላሉ አሉ። ቀጥ ያለ መስመር ምን ጎደለው ጋሼ?»

«ይወፍራል» አሉ ጋሽ ካርታ።

ነጋዴው ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ሐሙስ ዕለት የተዉትን ወሬ ከተዉበት አነሡት።

«ሁለት ቀጠና ነበረን፤ ሰሜንና ደቡብ። ጄኔራሉ በጣቱ በደረቁ ወንዝ ላይ አስምር አለኝ። በወንዝ ላይ አይሰመርም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ፈርቼ ነው። በዚያ ላይ ቸኩዬ ነበር፣ የሰም እርሳሴን አልቀረጽኩትም። መስመሩ ካርታው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ወፈረ። በዚያ ካርታ ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር አገር ከእርሳሴ ሥር ገባ። እዚያ ውስጥ የራዲዮ ጣቢያ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዎች።»

ድንቡሼ ሄዳ ጉልበታቸውን ተደግፋ ቆመች። ጭንቅላቷን ዳበስ አደረጓት።

«ደቡብ እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። ትእዛዙ በደቡብ ቀጠና ውስጥ ላሉ ሁሉ ይላል። ደቡቦች ካርታቸውን አዩና ጣቢያው የሰሜን ነው አሉ። ሰሜኖች አዩና የደቡብ ነው አሉ። ሁለቱም አልዋሹም። መኪና የላከ የለም። ዘጠኙ ስድስት ቀን ትእዛዝ ጠበቁ። በእግራቸው የደረሱት ሁለት ናቸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ካርታውን ማን ሣለው ያለ የለም። እስከ ዛሬ የሚጠይቀኝ እጠብቃለሁ።»

በስተቀኝ ያለው ባዶ ክፍል በር ይንጓጓል።

«አራት ቁጥር ከመስመር ሥር ናት» አሉ ቀጥለው። «አንተ ግማሿን ታፈርሳለህ፤ እሷ ቀሪው ቤት አይደለም ትላለች። ሁለታችሁም አትዋሹም። እዚያ ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች አሉ። ስለዚህ ይህን አይቼ ሌላ ሥያለሁ።» ጥቅሉን ፈቱት። ግድግዳችንን ሦስት ጊዜ ለምን እንደለኩ ያኔ ገባኝ። አዲሱ መስመር አራት ቁጥር ላይ ሲደርስ እጥፍ ይልና ዞሯት ያልፋል፤ ሙሉዋን፣ ከነግድግዳዋ ውፍረት፣ ለመምህርቷ ይሰጣታል።

«ይሄማ ለእሷ አደላ!» አለ ነጋዴው።

«አላደላም። በሩ ጋ እየው።»

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከቦርሳዋ እስክርቢቶ አውጥታ ጥጉ ላይ ማስላት ጀመረች። «አራት ቁጥር አሥራ ሁለት ካሬ ናት። በፊት ስድስት ስድስት ነበረን። አሁን እኔ ስድስት አተረፍኩ… በሩ ጋ ደግሞ መስመሩ ወደ እኔ ገብቶ ስድስት ካሬ ወሰደብኝ። እኩል ነው።» ቀና አለች። «በሩ ጋ ያለችው ስድስት ካሬ ግን…»

«የዘበኛ ቤቷ ናት» አሉ ጋሽ ካርታ።

ነጋዴው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። «እዚያ እኮ እርስዎ ነዎት የሚኖሩት።»

«የተጠየቅኩት እኩል እንዳደርግ ነው። በግቢው ውስጥ ስድስት ካሬ የምትሆን ሌላ ክፍል የለችም። ብትኖር ለክቼ አገኛት ነበር።»

ፈረሙ። ሁለቱም ፈረሙ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ እየገባች በጆሮዬ፣ «ይሄ ሰውዬ ከነጋዴው አንድ ነገር ሳይቀበል ቤቱን የሚሰጥ ይመስልሻል? እኔ አላምንም» አለችኝ። ይሁንና ድምጿ እንደ ወትሮው አልጠነከረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የእሳቸውን የተተረተረ ኮት ሳይጠይቋት ወስዳ ሰፍታ መለሰች።

እኔ ምን ላድርግ? ይቅርታ ልበላቸው ብዬ ሦስት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለማልቀስም አሰብኩ። ግን የእኔ እንባ ለእሳቸው ጣሪያ አይሆንም። ሰኞ ጠዋት የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ያዝኩት። ከሱቁ ጀርባ የወረቀት ማከማቻ ክፍል አለች፤ መስኮት አላት፣ በሯ ወደ ጓሮ ነው። ግማሿ ከአምስት ዓመት በፊት በተበላሸ ማሽን ተይዟል።

«ዘበኛ አልቀጥርም ብዬሻለሁ» አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ዘበኛ አይደለም። ስንት ወረቀት እንደገባና ስንት እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ነው። ባለፈው ወር ሁለት ጥቅል ወረቀት የት ገባ ብለህ እኔን አይደል ስትጠረጥር የነበረው?»

ጺሙን አሻሸ። «ይሄ ሰውዬ ይጠረጥራል?»

«ከአንተም ይብሳል።»

በቀጣዩ እሑድ ባለቤቴ የተበላሸውን ማሽን እየገፋ አወጣ፤ ለመስኮቱም ፍርግርግ በየደለት። እኔ ወለሉን አጥቤ መጋረጃውን ሰቀልኩ። ጋሽ ካርታ ገቡና ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ጥጎቹን ለኩ፣ መጋረጃውን ፈትተው እንደገና ራሳቸው ሰቀሉት።

«ጋሼ» አልኳቸው። «ያቺ አራተኛዋ ቅጂ…»

«ይህ ግድግዳ ከጎረቤቱ ሱቅ ጋር የጋራ ነው?» አሉኝ።

«አዎ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም። ዝናብ ቢያስገባ የሚጠግነው ማን ነው? ነገ ጠይቂና አስፈርሚ።»

«እሺ ጋሼ።»

«እኔም አንቺን ብሆን ለአራት እነካው ነበር» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «በራሷ ቤት ላይ መስመር ሲያልፍ አይታ ዝም የምትል እናት የለችም። ቁጥሩን ግን መደበቅ አልቻልሽም።»

ይኸው ስድስት ወር ሆነ። የነጋዴው መጋዘን ግድግዳ እየተነሣ ነው፤ ከአራት ቁጥር አንድ ክንድ ርቆ ያልፋል። ጋሽ ካርታ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሲከፈት የማሽኑን ቁጥር በሩ ጀርባ በተሰቀለ ካርቶን ላይ ይጽፋሉ፤ ሲዘጋም ይጽፋሉ። አሥር ሰዓት ላይ እኔ ሥራ ከበዛብኝ ድንቡሼን ከመዋያ የሚያመጧት እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሁለቱም እየቆጠሩ ነው የሚመጡት፤ እሷ አሁን ከሁለት ወደ ስምንት አትዘልም።

እሳቸው ሊያመጧት ሲወጡ እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ካርቶኑ ላይ የጻፉትን ከቆጣሪዋ ጋር አስተያያለሁ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ቢሆንም አያለሁ። እሳቸውም እንደማየው ያውቃሉ፤ የማንበቢያ መነጽራቸውን ካርቶኑ አጠገብ ትተውልኝ ነው የሚሄዱት።